የሎላ ታሲንግ እጅ

ስንዱን በዚያ ቤት ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሳት ዶሮ ሳይሆን መዶሻ ነበር። የባሏ አያት ሎሎ ካርዲንግ ገና ሳይነጋ ምድር ቤት ካለው ዎርክሾፓቸው ይቀመጡና መሯቸውን በእንጨት መዶሻ ቀስ እያደረጉ ሲመቱት፣ ኳ ኳ የሚለው ድምፅ በጣውላው ወለል ወጥቶ፣ ፍራሹን አልፎ፣ ትራሷ ሥር ይመጣል። ከድምፁ በኋላ ሽታው ይከተላል፤ አዲስ የተጠረበ ነጭ እንጨት፣ ቫርኒሽ፣ ኮላ፣ ከሐይቁ በኩል ደግሞ የዓሣና የእርጥብ ሣር ሽታ። ከጎኗ ልጇ ሶልያና አፏን ከፍታ፣ ከብስክሌት ወድቃ የላጠችውን ጉልበቷን ከአንሶላው ውጭ አውጥታ ትተኛለች። ስንዱ ቁስሉ መድረቁን ታይና፣ አንሶላውን መልሳ አልብሳት ሻይ ልታፈላ ትወርዳለች።

ከዓረብ አገር፣ ከሻርጃ የመጡት ለሕማማት ሳምንት ነበር። እዚያ ስንዱ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ናት፤ ባሏ ኔስቶር ኤሲ ይጠግናል። ዘመዶቹ እስከዚያ ዓመት ድረስ የሚያውቋት በስልክ ስክሪን ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት የሁለቱ አገር ፋሲካ አንድ ቀን ዋለና «እንግዲህ ልጅቷ ዘመዶቿን ትወቅ» ተባብለው መጡ። ከተማዋ ከባሏ አገር ዋና ከተማ ከማኒላ ወዲያ፣ ሐይቅ ዳር ያለች የጠራቢዎች ከተማ ናት። አንዱ ደጅ ላይ ራስ የሌለው ጴጥሮስ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሌላው ደጅ ላይ የመልአክ ክንፍ ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ ይደርቃል። ስንዱ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንጂ ሐውልት ሳታይ ያደገች ናትና፣ መጀመሪያ ቀን በመኪናው መስኮት ይህን ሁሉ ስታይ ሳታስበው አማተበች።

ስንዱን ያስጨነቃት ግን ሐውልቱ አልነበረም፤ ሰዉ ነበር። ጥቁር ምራት፣ የሩቅ አገር ምራት። ስለ እሷ ያሻቸውን ይበሉ፤ ልጇን ግን «አሳዳጊ የበደላት» እንዲሏት አትፈልግም። ስለዚህ ኔስቶር መንገድ ላይ ያገሩን ሰላምታ ሲያስተምራቸው በሙሉ ጆሮዋ ሰማች። ትልቅ ሰው ስታገኚ እጁን ትይዢና ጀርባውን ግንባርሽ ላይ ታስነኪዋለሽ፤ እሱ ደግሞ ይመርቅሻል።

«ይቺማ የኛው ጉልበት መሳም ናት» አለች ስንዱ ደስ ብሏት። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ሶሊዬ፣ እዚያ ቤት ተቀምጦ ያገኘሽውን ትልቅ ሰው ሁሉ እጁን ግንባርሽ ላይ፣ ከዚያ ጉልበቱን ሳሚ። እሺ?»

ቤት ሲደርሱ እየመሸ ነበር፤ መብራትም ጠፍቷል። «አገሬ የገባሁ መሰለኝ» ብላ ኔስቶርን አሳቀችው። ፎቅ ላይ ያለው ሳሎን ሰፊና ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ በመስኮቶቹ ላይ በመስታወት ፋንታ በስሱ የተፋቀ ነጭ ዛጎል ስለተገጠመ፣ የቀረችውን ትንሽ ብርሃን አደብዝዘው ነው የሚያስገቧት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሻማ ይነዳል። በግድግዳው ዙሪያ ዘመድ ተደርድሮ ተቀምጧል፤ ፊታቸው አይለይም፣ ጭናቸው ላይ ያረፈው እጃቸው ግን ይታያል። ሶልያና መጀመሪያ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች። ቀስ በቀስ ግን ከጥግ ጀምራ አንዱን እጅ ግንባሯ ላይ አደረገች፣ ጉልበት ሳመች፤ ሳቅና ምርቃት ወረደላት። ቀጥሎ ያለውን፣ ከዚያም ቀጥሎ ያለውን። ስንዱ በኩራት እንባዋ ደረሰ።

በመጨረሻ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ከሌሎቹ ራቅ ብላ፣ ጥቁር የለበሰችና ጥቁር ዓይነ ርግብ በፊቷ ላይ የጣለች ሴት ነበረች። ሶልያና ፊት ለፊቷ ስትደርስ ቆመችና ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ እሷንም?»

«እሷንማ ይልቅ! የሁሉም ታላቅ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሂጂ፣ እኔ ነኝ ያልኩሽ።»

ልጅቷ ከጥቁሩ እጅጌ የወጣውን እጅ ይዛ ግንባሯ ላይ አስጠጋች። ከዚያ ተንበርክካ በጨርቁ ላይ ጉልበቷን ሳመች። ያን ጊዜ በቤቱ ውስጥ የሚስቅ አልነበረም፤ የሚያወራም አልነበረም። ስንዱ ከቆመችበት፣ ከጨርቁ ሥር ሾል ብሎ የወጣው ጉልበት ከልጅቷ ከንፈር ሥር ትንሽ ፈቀቅ ሲል ያየች መሰላት።

መብራት መጣ። ጥቁር የለበሰችው ሴት የእንጨት ሐውልት ነበረች። ከዓይነ ርግቡ ሥር የሚታየው አገጭ በቀለም የተቀባ ነው፤ ጣቶቿም አንድ በአንድ የተጠረቡ ናቸው።

ስንዱ በሁለት እጇ አፏን ይዛ በሐፍረት ሳቀች። በእናት ቦታ ሆና ኔስቶርን ያሳደገችው አክስቱ ቲታ ሉዝም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ዘግይቶ ነው የመጣው። ሎሎ ካርዲንግ አልሳቁም። ከወንበራቸው ተነሥተው በዝግታ መጡና በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጠየቋት።

«ልጅቷ ራሷ ናት የሄደችው፣ ወይስ አንቺ ነሽ የላክሻት?»

«እኔ ነኝ የላክኋት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰው መስላኝ ነው።»

ሽማግሌው ለተቀመጡት በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩ። ከሴቶቹ አንዷ አማተበች። ከዚያ እራት ቀረበ።

ማታ አልጋ ላይ ሶልያና ጣሪያውን እያየች «ሁሉም ባረኩኝ» አለች። «ጥቁር የለበሰችው ግን ስሜን ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?» አለች ስንዱ፣ በቀልድ።

«ነገርኳት።»

የልጅ ነገር ብላ ተወችው።

በማግሥቱ ጉብኝት ሆነ። ሎሎ ካርዲንግ ዎርክሾፓቸውን ራሳቸው አሳዩዋት፤ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ አይታ አታውቅም። በመደርደሪያው ላይ አንገት የሌላቸው ራሶች ተደርድረዋል፤ ከነሱ ሥር የመስታወት ዓይኖች በሰርዲን ቆርቆሮ ተሞልተዋል። ለፊት የሚቀባውን ቀለም ደጋግመው እየደረቡ፣ የሰው ገላ እስኪመስል በለስላሳ ቆዳ ያሹታል። ጸጉሩ የእውነት ጸጉር ነው፤ የቤቱ ሴቶች ቆርጠው ይሰጣሉ። «ዓይን ሳይገባለት እንጨት ነው» አሏት ሽማግሌው፣ ሰጋቱራውን ከጉልበታቸው ላይ እያራገፉ። «ዓይን ከገባለት በኋላ ግን ጀርባሽን አትሰጪውም።» ስንዱ ከልቧ ተደነቀች። ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር እንዲህ መውደዱ ያስቀናል አለች በሆዷ።

ጥግ ላይ አንድ ያላለቀ ሐውልት ቆሟል። ራስ አለው፣ እጆች አሉት፤ ከአንገት በታች ግን እንደ ዶሮ ቀፎ የታሰሩ ቀጫጭን እንጨቶች ብቻ ናቸው።

«ይሄስ ሰውነቱ የታል?»

«ሰውነት የለውም። ልብስ የሚለብስ ሐውልት እንዲህ ነው የሚሠራው። የሚታየው ፊትና እጅ ነው፤ ለቀረው ለምን ይደከማል?»

«ፎቅ ያለችውም?»

«ኢናይም እንዲሁ ናት።» ኢናይ ማለት እናቴ ማለት መሆኑን ስንዱ እስከዚያ አውቃ ነበር። «እኔ ሕፃን ሆኜ ነው የሞተችው። ማልቀስ አላቆም ስል አባቴ ፊቷን ጠርቦ፣ የራሷን ጸጉር አድርጎ ሰጠኝ። በሕማማት ማርያምን ሆና ትወጣለች፤ እቤት ግን ሎላ ታሲንግ ናት፣ አያት ማለት ነው። እስካሁን በየቀኑ እጇን ግንባሬ ላይ አደርጋለሁ። አንድ ቀን መልሳልኝ አታውቅም።»

«ጉልበት ግን አላት አይደል?» አለች ስንዱ።

ሽማግሌው መሯቸውን አስቀመጡ። «የምን ጉልበት?»

ስንዱ ነገሩን በሳቅ አለፈችው። ሻማ ነበር፣ ጨለማ ነበር፣ ዓይን ይሳሳታል ብላ ራሷን አጽናናች። ከሰዓት በኋላ ግን ቲታ ሉዝ የሐውልቷን ዳንቴል ስትተኩስ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ያ ማታ ለምን ሁሉም ዝም እንዳለ ጠየቀቻት።

«የድሮ ሰው ወሬ ነው» አለች ቲታ ሉዝ፣ ዓይኗን ከካውያው ሳታነሣ። «ሎላ ታሲንግ የምትመልሰው የገዛ እናቱ ለላከችው ልጅ ብቻ ነው ይባላል። እዚህ ቤት ታዲያ ልጇን ወደ እሷ የምትልክ እናት የለችም። ልንነግርሽ ይገባ ነበር። ማንም እናት አታደርገውም ብለን ነው።»

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ። አጉል ጨዋነቴ ብላ ስንዱ ራሷን ረገመች፤ ፈገግ ለማለትም ሞከረች።

ከሰኞ ጀምሮ ከተማዋ በዜማ ተሞላች። በየመንደሩ ዳስ ተጥሎ የጌታ ሕማም በዜማ ይነበባል፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተቀበለ፣ ቀንም ሌትም ሳይቋረጥ፣ በድምፅ ማጉያ። ስንዱ የአገሯን ግብረ ሕማማት አስታውሷት ወዳው ነበር። ውሎ ሲያድር ግን ድምፁ በዛጎሉ መስኮት ገብቶ ግድግዳ ላይ እንደ ሻጋታ ተለጠፈ፤ ስትበላም አለ፣ ስትታጠብም አለ። በዚያ ዜማ ውስጥ ነው ሶልያና ዝም ማለት የጀመረችው። መሮጥ ተወች። ወንበር ላይ ወገቧን ቀጥ አድርጋ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ትቀመጣለች። ከሩዝ በቀር ምንም አልቀምስ ብላ ያስቸገረች ልጅ፣ ትልልቆቹ እንኳ ፊታቸውን አጨማደው የሚበሉትን መራራ አትክልት ጨምሩልኝ አለች። ፎጣ ስታጥፍ ቲታ ሉዝ ከበር አየቻትና ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ስንዱ «ምን ሆነሻል?» ብትላት፣ «ሎላ ታሲንግ እንዲህ ታጥፍ ነበር ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግሁት» ብቻ አለቻት።

ረቡዕ ስንዱ የልጇን ጸጉር ልትሠራ ተቀመጠች። የሶልያና ጸጉር ጥቅጥቅ ያለ ከርዳዳ ነው፤ ማበጠሪያ የሚሰብር። ያን ቀን ማበጠሪያው ያለ ችግር ወረደ። ጥርሱ ላይ አንድ ረጅም፣ ለስላሳ፣ ዞማ ጸጉር ቀረ። አንገቷን ብትስማት ሰጋቱራ ሰጋቱራ ሸተተቻት። ማታ እንደ ልማዳቸው «አባታችን ሆይ» ስትላት፣ ልጅቷ ባዕድ ቋንቋ እንደሚሰማ እንግዳ በትሕትና ፈገግ ብላ አዳመጠቻት። ስንዱ ያን ጊዜ ፈራች።

«ኔስቶር፣ ልጄ አማርኛ ጠፋባት።»

«ልጅ አይደለች? ያገራችንን ቋንቋ ቶሎ ያዘች እያሉኝ ነው፤ ደስ አይልሽም?» አለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ደስ ያለው ሰው ድምፅ ግን አልነበረም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወደ ዳሱ ሲወርዱ ስንዱ ራሴን አመመኝ ብላ ቀረች። ሳሎኑ ጨለም ብሏል፤ የደረቀ አበባና የከፋይ ጨርቅ ሽታ አፍንጫ ይይዛል፤ ከሩቅ ዜማው እየጎተተ ይመጣል። ሐውልቷ ለዓርብ ለብሳ ተዘጋጅታለች። ስንዱ በጉልበቷ ተንበረከከች። እንጨቱን ብነካው ይወጣልኛል፤ ቀፎውን፣ ቀጫጭኑን እንጨት በጣቴ ብቆጥረው ሌሊት እተኛለሁ ብላ አሰበች። በስመ አብ ብላ እጇን ከቀሚሱ ጠርዝ ሥር ሰደደች። ጨርቅ። ሌላ ጨርቅ። ከዚያ ሞቅ ያለ፣ ለስላሳ፣ ትንሽ ጉልበት፤ ጉልበቱም ላይ የደረቀ ቁስል።

ጣቷ ሲነካው ጉልበቱ ተሸማቀቀ።

እንዴት ደረጃውን እንደወረደች አታውቅም። ሶልያናን ከዳሱ መሐል አንጠልጥላ አወጣቻትና እመንገዱ ዳር ቀሚሷን ገለበች። ሁለቱም ጉልበቶቿ ልሙጥ ናቸው። ጠባሳ የለ፣ መስመር የለ። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ እንደ መስታወት በጠሩ ዓይኖቿ እናቷን አየቻት።

«አሁኑኑ እንሂድ! ልጄን ይዤ ልሂድ!» ብላ ስንዱ ጮኸች። ኔስቶር ሐሙስና ዓርብ አውቶቡስ እንደማይሠራ፣ በረራቸውም ሰኞ እንደሆነ ነገራት፤ እጇን ሊይዝ ሲል መነጨቀችው። ሎሎ ካርዲንግ ግን አልተቆጧትም። አጠገቧ ቁጢጥ አሉና፣ እንደ አባት ዝቅ ባለ ድምፅ አነጋገሯት።

«እሑድ ጎህ ሲቀድ በሐዘን የተሸፈነችው ማርያም የተነሣውን ልጇን ትገናኛለች። ዓይነ ርግቧን የሚገልጠው በገመድ ከማማ የሚወርድ መልአክ ነው፤ መልአኩ ሁልጊዜ ሴት ልጅ ናት። ዘንድሮ ሶልያና ትሁን። ኢናይን በራሷ እጅ ትግለጣት። ያኔ ሁሉም ያልቃል።»

«ልጄ ትመለስልኛለች?»

«ያልቃል» አሉ ሽማግሌው።

ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባላል። ስንዱ ግን ከዚያ ሌላ የምትይዘው ገመድ አልነበራትም። እሺ አለች። ዓርብን ስትሰግድ ዋለች፤ ቅዳሜን ልጅቷን ታቅፋ ሐውልቷ ካለችበት ክፍል በር ፊት ለፊት ተቀምጣ አሳለፈችው፣ የቷን እንደምትጠብቅ ለራሷም ሳይገባት።

እሑድ ገና ሳይነጋ የቤተ ክርስቲያኑ አደባባይ በሻማ ተሞላ። ከሐይቁ የተነሣ ጭጋግ የሰዉን እግር ሸፍኗል። በአንዱ መንገድ ወንዶቹ የተነሣውን ጌታ ሐውልት፣ በሌላው መንገድ ሴቶቹ በአበባ በተሸለመ ሰረገላ ሎላ ታሲንግን እየገፉ መጡ። «ዘንድሮ ከበደች» ሲባባሉ ኔስቶር በሹክሹክታ ተረጎመላት። ሁለቱ ከማማው ሥር ተገናኙ። ዜማው ቆመ፤ የሰው ትንፋሽና የገመድ መንቋቋት ብቻ ቀረ። ሶልያና ነጭ ለብሳ፣ ቅድመ አያቷ የጠረቡትን ክንፍ አድርጋ፣ ከላይ በቀስታ ወረደች። አልተንቀጠቀጠችም። እጇን ዘረጋችና ጥቁሩን ዓይነ ርግብ ጫፉን ይዛ አነሣችው።

ደወሉ ተደወለ፤ ሕዝቡ በእልልታ ፈነዳ፤ ርችቱ ሰማዩን ቀደደው። ስንዱ ግን ፊቱን አየች። ያው የተቀባው የእንጨት ፊት ነው፤ ቅንድቡም፣ ከንፈሩም ያው ነው። ዓይኖቹ ብቻ ሕዝቡ መሐል አንድ ሰው ይፈልጋሉ። ስንዱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እማዬ!»

ድምፁ ከመልአኩ አልመጣም። በዚያ አደባባይ ደግሞ እናቱን በዚያ ቃል የሚጠራ ከአንዲት ልጅ በቀር አልነበረም። ስንዱ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ወደ ሰረገላው ሮጠች፤ ያን ጊዜ ግን መልአኩን ከገመድ ፈትተው እቅፏ ውስጥ አስቀመጡላት። ልጅቷ ከበደቻት፤ እንደ እርጥብ ግንድ ከበደቻት፤ ትኩስ ቫርኒሽ ሸተተቻት። ክንዷ በአንገቷ ዙሪያ ተጠምጥሞ አልላቀቅም አለ። ሰረገላው በመብራትና በአበባ ተከቦ፣ በዝማሬ ታጅቦ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ገባ። «እማዬ» አለ ድምፁ እንደገና፣ ቀጥሎም ራቅ ብሎ፣ እስኪጠፋ ድረስ።

ስንዱ ጮኸች። በደወሉ መሐል የሰማት የለም።

ዞር ስትል የባሏ ዘመዶች ከኋላዋ በዕድሜ ተራ ተሰልፈዋል። ከፊት ሎሎ ካርዲንግ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እንባቸው በጉንጫቸው ላይ እየወረደ፣ ያ ሁሉ ዕድሜያቸው ከላያቸው ወርዶ ሕፃን መስለው። ጎንበስ አሉና የልጅቷን ትንሽ እጅ ይዘው ግንባራቸው ላይ አደረጉት።

«ኢናይ» አሉ።

ልጅቷም መለሰችላቸው። ከሳቸው በኋላ ቲታ ሉዝ፣ ከእሷ በኋላ አጎቶቹ፣ ሁሉም በተራ ጎንበስ እያሉ አለፉ፤ በመጨረሻ ኔስቶር፣ ሚስቱን ቀና ብሎ ሳያያት፣ ግንባሩን አስነክቶ አለፈ። ከዚያም በእቅፏ ያለችው ልጅ ፊቷን ወደ ስንዱ መለሰችና፣ ትልቅ ሰው ለታናሹ እንደሚያደርገው፣ የእጇን ጀርባ ወደ ግንባሯ ዘርግታ በትዕግሥት ጠበቀች።